በራሱ የሚሠራ ፎቶ ጋዜጠኛ እንዴት ይኖራል?

የካቲት 23 ቀን፣ በዓድዋ በዓል ጠዋት፣ አዲስ አበባ ፒያሳ ጊዮርጊስ አደባባይ የሚቆም ሰው፣ በምኒልክ ሐውልት ዙሪያ ካሜራ ያነገቱ ብዙ ሰዎች ያያል። ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም አንድ ሥራ የሚሠሩ ይመስላሉ። ጠጋ ብሎ ለጠየቀ ግን አንዱ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ደመወዝተኛ ነው። ሌላው የአንድ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ነው። ወዲያ ማዶ ጎፈር ካጠለቁ አባት አጠገብ ወጣቶችን ደርድሮ «ፈገግ በሉ» የሚለው ፎቶውን ለተነሺዎቹ የሚሸጥ ነው። ከነዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ ማንም ያልላከው ወይም ለዛሬ ብቻ የተላከ ሰው ይኖራል። ካሜራው የራሱ ነው፣ የታክሲውን የከፈለውም ራሱ ነው፤ ሌንሱ ቢሰበር የሚተካለት የለም። ፍሪላንሰር የሚባለው የዜናና የዘጋቢ ፎቶ አንሺ ይህ ነው።

ፎቶግራፍ ለዚህ አካባቢ የቆየ ሙያ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ግን ባለቤቱ ቤተ መንግሥት ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ አዲስ አበባ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ወርሰው የኋለኞቹን ነገሥታት አነሡ። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ዘውድ የጫኑበት ስለሆነ፣ የዓለም ካሜራ ቀደም ብሎ ያወቀው ቦታ ነው። ለ1923ቱ ሥርዓተ ንግሥ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሮበርት ሙር የተባለውን ፎቶ አንሺ ልኮ ነበር፤ ባለቀለም ፎቶዎቹ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1931 እትም ወጡ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ሽመልስ ደስታን የመሰሉ ኢትዮጵያውያን ትልልቅ ፎቶ አንሺዎች የሠሩት ለቤተ መንግሥት ነው። የሽመልስ የንጉሡ ዘመን ፎቶዎች በአደባባይ ለዕይታ የቀረቡት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፣ ያውም በለንደን።

እንግዲህ ያኔ ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚጠራበት ቤት ነበረው። ቤት የሌለው ፎቶ አንሺ ኋላ የመጣ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ የዚህን ኑሮ ክፉውንም ደጉንም ከሞሐመድ አሚን ሕይወት በላይ የሚያሳይ አላገኘሁም።

አሚን እ.ኤ.አ. በ1943 ናይሮቢ ተወለደ። ገና ሃያ ዓመቱ ሳለ ዳሬሰላም ላይ ካሜራፒክስ የተባለ የራሱን ድርጅት አቋቋመ። በዚህ ዘመን ብዙ ወጣት ፍሪላንሰሮች የማያደርጉት ነገር ይህ ነው። አሚን ገና ከጅምሩ ፎቶን እንደ ንግድ ያዘው፤ አንዱን ጉዞ ለጋዜጣም፣ ለቴሌቪዥንም፣ ለመጽሐፍም ይሸጠዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ሰላምታ መጽሔትም ያሳትም የነበረው የእሱ ድርጅት ነበር። መንገደኛው ከወንበሩ ኪስ አውጥቶ የሚያገላብጠው መጽሔት ለሌላው የዜና ጉዞ የሚሆን ገንዘብ ያመጣል ማለት ነው።

ዝናውን ያገኘው ግን በኛው ሐዘን ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም፣ ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ሆኖ የረሃቡን ሰለባዎች ቀረጸ። ምስሉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984 በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ተንቀጠቀጠ፤ በዓመቱ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት የመጣው ከዚያ ምስል ነው። ሰባት ዓመት ገደማ አለፈ። ደርግ በወደቀ በሳምንቱ፣ በግንቦት 1983 መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አሚን እየቀረጸ ነበር። የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ፤ አሚን ግራ እጁን አጣ። ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ሥራው ተመለሰ። በኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከሞቱት 125 ሰዎች አንዱ እሱ ነበር።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ጀግንነቱን ለማወደስ አይደለም፣ ለዚያ ሌሎች አሉ። ትኩረት የሚገባው ነገር ሌላ ነው። አሚን ከኮረም በፊት ሃያ ዓመት ሠርቷል፤ ዛንዚባር ላይ ታስሯል፤ ስሙን ከጎረቤት አገሮች ውጭ ብዙ ሰው አያውቀውም ነበር። ኮረም ሲደርስ ግን አስገቡኝ የሚልበት ሰው፣ ምስሉን የሚገዛ ደንበኛ፣ የሚያጓጉዘው መንገድ ሁሉ ነበረው። ዕድል ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን የሃያ ዓመት ስልክ ቁጥር ነው እላለሁ።

ወደ ዛሬው ፒያሳ እንመለስ። ፍሪላንሰር ከፎቶ ጋዜጠኝነቱ ገንዘብ የሚያገኘው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው የታዘዘ ሥራ ነው፤ አንድ የውጭ ዜና ወኪል ወይም ጋዜጣ ደውሎ «ነገ ጠዋት እዚህ ቦታ ተገኝልን» ይላል፤ ክፍያው በቀን ይታሰባል፣ መጓጓዣና አበል ለብቻው ነው። ሁለተኛው በራስ ወጪ አንሥቶ ኋላ ገዢ መፈለግ ነው። ይሄኛው ልብን ደስ ያሰኛል፣ ኪስን ያደርቃል። ሦስተኛው አንዴ የተነሣን ፎቶ ደጋግሞ ማከራየት ነው፤ ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለካላንደር፣ ለዓመታዊ ሪፖርት። በኛ አገር ብዙም ያልተለመደው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ሲያረጅ የሚጦር ግን እሱ ነው።

በእርግጥ ከሦስቱም የማይደመር አራተኛ አለ፣ ብዙዎቹም በሱ ነው የሚኖሩት። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ፣ ሰኞና ማክሰኞ የግብረ ሰናይ ድርጅት ወርክሾፕ። ሠርግ የሚያነሣን ሰው «አርቲስት አይደለም» ብሎ የሚንቅ አለ። ንቀቱ አላዋቂነት ነው። ጥር ላይ በአንድ ቀን ከቤተ ዘመድ ጭፈራ እስከ ቬሎና ኬክ ድረስ ያለ እረፍት የሮጠ፣ ከመስኮት ፊት የቆመችን ሙሽራ ያለ ፍላሽ ያነሣ ሰው፣ ሰልፍ መካከል ቢገባ አይደነግጥም። ችግሩ ሠርጉ ሲጣፍጥ ዜናው መረሳቱ ነው።

የወረቀቱ ነገርም አለ። የንግድ ፈቃድና ቲን ነምበር የሌለው ፎቶ አንሺ ለመሥሪያ ቤት ሠርቶ ክፍያ ሲጠይቅ ይደነግጣል። በ2008 ዓ.ም የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ እነዚህን ካላቀረበ አገልግሎት ሰጪ ላይ ከፋዩ 30 በመቶ ቆርጦ እንዲያስቀር ያዝዛልና። ከመቶ ብር ሰላሳው እንዲህ ይቀራል። ዕቃውም ሌላ ጣጣ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ መቶን አለፈ። በዶላር የሚከፈለው ፎቶ አንሺ ሲደሰት፣ በብር እየሠራ አዲስ ሌንስ ሊገዛ ያሰበው ሐሳቡን አጠፈ።

ሥራው ራሱ በቅርብ ሲታይ ይህን ይመስላል። ሁለት ካሜራ በሁለት ትከሻ፤ አንዱ ሰፊ ሌንስ፣ አንዱ ከሩቅ የሚስብ። ጠዋት ብርሃኑ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በስተምሥራቅ ሲመጣ ጸበል የሚጠብቁትን ምእመናን ነጠላ ያደምቃል፤ ረፋዱ ላይ ያ ብርሃን ያልቃል። ጎፈር ያጠለቁ አባት ሲያልፉ ጎንበስ ብሎ «አባባ፣ ስምዎትን ማን ልበል?» ይላል።

«ስሜ ምን ያደርግልሃል? ፎቶውን ካነሣህ አይበቃም?»

አይበቃም። በዜና ፎቶ ዓለም ከሥሩ መግለጫ የሌለው ፎቶ ስም እንደሌለው ደብዳቤ ነው፤ የትም አይደርስም። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ሲያደርግ፣ ለምን። የሰውየው ስም ከነአባቱ፣ ዕድሜው፣ የመጣበት ቦታ፣ የዕለቱ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሁሉም በማስታወሻ ደብተር ይጻፋል። ከዚያ ፎቶ አንሺው ከአደባባዩ ወርዶ አንድ ካፌ ይገባል፤ ቶሞካ ቆሞ ቡናውን እየጠጣ ከመቶዎቹ ስምንት ወይም አሥር ፎቶ ይመርጣል፣ መግለጫውን በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ በስልኩ ይልካል። ኔትወርክ ካለ። ዜና ከቀትር በኋላ አሮጌ ነው፤ ያኔ የተላከ ምርጥ ፎቶ ሦስት ሰዓት ላይ በተላከ ደህና ፎቶ ይሸነፋል።

የአገሩ ሰው ፎቶ አንሺ ከውጭ በመጣው ላይ ያለው ብልጫ ምንድን ነው? ቋንቋ ብቻ አይደለም። በመጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ዘመዶች በአደጋው ቦታ ሲያለቅሱ፣ ለአሶሺየትድ ፕሬስ የሚሠራው ሙሉጌታ አየነ አንዲት ሐዘንተኛ አፈር እየዘገነች ወደ ፊቷ ስትበትን አነሣት። ፎቶው እ.ኤ.አ. በ2020 ለዓለም ፕሬስ ፎቶ የዓመቱ ፎቶ ዕጩ ሆነ፤ ከአደጋው ቦታ ያነሣቸው ተከታታይ ፎቶዎችም በድንገተኛ ዜና ዘርፍ አንደኛ ወጡ።

ያን ፎቶ ያየ ኢትዮጵያዊ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ለቅሶ ቤት ያደገ ነውና። ወሬውን ለመናገር የሚደፍር የጠፋበት ጠዋት፣ ደረት ሲደቃ፣ «ያዟት» ሲባል፣ ሁሉንም ያውቀዋል። የለቅሶን ወግ የሚያውቅ ፎቶ አንሺ ሐዘንተኛ መቼ እንደምትነሣ፣ ሰዎች መቼ እንደሚይዟት፣ እሱ ራሱ መቼ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ያጥናችሁ» ማለት እንዳለበት ያውቃል። በርግጥ ይህን የተናገረው ሙሉጌታ አይደለም፤ ፎቶውን አይቼ እኔ የምፈርደው ነው።

የሙያው ሕግ ደግሞ አለ፤ ፎቶ ላይ አንዲት ነገር መጨመርም ሆነ ማጥፋት በዜና ሥራ ክልክል ነው። ቀላል ሕግ ይመስላል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሜክሲኳዊው ናርሲሶ ኮንትሬራስ ለአሶሺየትድ ፕሬስ በፍሪላንስ የሚሠራ፣ ስለ ሶርያ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ2013 የፑሊትዘር ሽልማት ካገኙት የወኪሉ ፎቶ አንሺዎች አንዱ ነበር። ከአንድ ፎቶ ጥግ ላይ የባልደረባውን ትንሽ ቪዲዮ ካሜራ በኮምፒውተር አጥፍቶ ላከ። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ሲታወቅ ወኪሉ ግንኙነቱን አቋረጠ፤ ወደ 500 የሚጠጉ ፎቶዎቹንም ከገበያ አወጣ። የወደቀበት ነገር ፎቶው ላይ ቢቀር ማንም ልብ የማይለው ዕቃ ነበር።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንለፍ። ፒያሳ ላይ ካሜራ ያወጣ ሰው «ፈቃድ አለህ?» ሳይባል የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። የሚጠይቀው ፖሊስ፣ ደንብ አስከባሪ፣ የሕንፃ ዘበኛ፣ አንዳንዴም ዝም ብሎ መንገደኛ ነው። ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 ማንም ሰው ሳይፈቅድ ፎቶው በሕዝብ ቦታ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቁጥር 28 ደግሞ ይህን ያላላል፤ ሰውየው ታዋቂ ወይም ባለሥልጣን ከሆነ፣ ወይም ፎቶው ሕዝብን ከሚመለከት ወይም በአደባባይ ከተደረገ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም። ስለዚህ የዓድዋን በዓል የሚያከብር ሕዝብ ሲነሣ እያንዳንዱን ማስፈቀድ ግድ አይደለም፤ በር ላይ ተቀምጣ ልጇን የምታጠባ እናት ግን ሌላ ነገር ናት። ሕጉ ባይከለክልም እሷን ሳይጠይቁ ማንሣት ነውር ነው።

ሕጉ እንዲህ ቢልም አደባባዩ ሁልጊዜ በሕግ መጽሐፍ አይመራም። በየካቲት 23 ቀን 2015 ዓ.ም በዓሉን ለማክበር ምኒልክ አደባባይና ጊዮርጊስ አካባቢ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጭስ ተኩሰዋል። በዚህ ዓይነት ቀን የድርጅት ሠራተኛው ዋና ክፍል ደውሎ መኪና ያስመጣል፤ ፍሪላንሰሩ በእግሩ ይሮጣል። እስር ሲመጣ ልዩነቱ ይብሳል። ስዊድናዊው ፍሪላንስ ፎቶ አንሺ ዮሐን ፐርሾን ከሪፖርተሩ ማርቲን ሺቢዬ ጋር በ2003 ዓ.ም ኦጋዴን ውስጥ ተይዞ 11 ዓመት ተፈረደበት፤ ሁለቱም በ2004 መጨረሻ በይቅርታ ተለቀቁ። ለአሶሺየትድ ፕሬስ በፍሪላንስ የሚሠራው የቪዲዮ ጋዜጠኛ አሚር አማን ኪያሮ በኅዳር 2014 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ተይዞ አራት ወር ታስሮ በዋስ ወጣ። እነዚህ ስማቸው የተነገረላቸው ናቸው፤ የሚጮህላቸው ወኪል ነበራቸውና። እ.ኤ.አ. በ1993 ሞስኮ ላይ በተገደለው ፍሪላንስ ካሜራማን ስም የተቋቋመው ሮሪ ፔክ ትረስት የሚባለው ድርጅት ፍሪላንሰሮችንና ቤተሰቦቻቸውን ይረዳል። ጀማሪ ሁሉ ይህን ስም ችግር ሳይደርስበት ቢያውቀው ጥሩ ነው።

ከዜናው ጎን ለጎን የሚሄደው የዘጋቢ ፎቶ ሥራ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሚካኤል ፀጋዬ ሥዕል ተምሮ በዘይት ቀለም አለርጂ ምክንያት ወደ ፎቶ የዞረ ሰው ነው። አዲስ አበባ ስትፈርስና ስትሠራ ለዓመታት እየተመላለሰ አንሥቷል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ መቃብሮች ላይ የተለጠፉ፣ በፀሐይና በዝናብ የፈዘዙ የሟቾችን ፎቶዎችም እንዲሁ። አይዳ ሙሉነህ ዋሽንግተን ፖስት በፎቶ ጋዜጠኝነት ሠርታ በ2007 እ.ኤ.አ. ወደ አገሯ ተመለሰች፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን ጀመረች፤ የአፍሪካና የዓለም ፎቶ አንሺዎች እዚህ ከተማ የሚገናኙበት መድረክ ሆነ። ግርማ በርታ የመንገድ ሰዎችን በስልኩ እያነሣ በ2016 እ.ኤ.አ. የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን የ10,000 ዶላር ድጋፍ አገኘ። ውድ ካሜራ የለኝም የሚል ወጣት ይህን ይስማ።

የእነዚህ ሥራዎች ዋጋ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። በመጋቢት 2016 የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች፣ ዶሮ ማነቂያ ጭምር፣ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪ የቤቱን ፎቶ ፍለጋ አልበሙን ገለበጠ። አብዛኛው ያገኘው የልደትና የሠርግ ፎቶ ነው፤ ከጀርባው ቁራጭ ግድግዳ፣ የበር ጫፍ ይታያል። ከመፍረሱ በፊት ማንም ሳያዘው በየቀኑ እየሄደ ሱቆቹን፣ በረንዳዎቹን፣ የእንጨት ደረጃዎቹን ያነሣ ሰው ዛሬ መተኪያ የሌለው ሀብት ይዟል። ፋይሉን በሁለት ሃርድ ዲስክ፣ በሁለት ቤት ካስቀመጠው።

ሀብቱ የሱ መሆኑን ግን ማን ያረጋግጥለታል? ይህን ጉዳይ የሚያውቀው ፎቶ አንሺ ጥቂት ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ፎቶግራፍን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ለደራሲ ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ሲሰጥ፣ ለፎቶ የሚሰጠው ፎቶው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። በ1990 የተነሣ የፒያሳ ፎቶ ጥበቃው በ2015 አልቋል፤ አንሺው በሕይወት ቢኖርም ማንም ቢያሳትመው ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ፎቶ ዋጋ ማውጣት የሚጀምረው ሰፈሩ ሲፈርስ፣ ሰዎቹ ሲሞቱ ነውና፣ ይህ ቁጥር ለፎቶ አንሺ እጅግ አጭር ነው። ሕግ አውጪዎች ቢያስቡበት ይገባል።

ከዚህ የሚብሰው ሌላው አንቀጽ ነው። በአዋጁ መሠረት፣ በሌላ ስምምነት ካልተለወጠ በቀር፣ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የገንዘብ መብቱ የቀጣሪው ወይም የአዛዡ ነው። ቀጣሪ የለኝም ብሎ የሚኮራው ፍሪላንሰር የታዘዘ ሥራ በወሰደ ቁጥር፣ ዝም ካለ፣ ፎቶውን አሳልፎ ሰጥቷል ማለት ነው። የድርጅቱ ሰው በስልክ «ለሪፖርታችን ብቻ ነው» ቢለውም ያው ነው። በሁለት ዓመቱ ፎቶው ቢልቦርድ ላይ ተሰቅሎ ቢያየው የሚከስበት ወረቀት የለውም።

ስለዚህ ይህን ሙያ የያዝክ ወጣት፣ ሥራ ከመቀበልህ በፊት ሦስት መስመር ጻፍ፤ ፎቶው ለምን እንደሚውል፣ ለስንት ጊዜ፣ የቀረው መብት የማን እንደሆነ። ኢሜይልም ቢሆን ይሁን፣ ብቻ መልስ ይስጡበት። ጋዜጣና መጽሔት የምታዘጋጁም፣ ከፎቶው ሥር «ከኢንተርኔት የተገኘ» ብሎ መጻፍ ይቅርና ያነሣውን ሰው ፈልጋችሁ ስሙን ጻፉ፤ ዋጋውንም ጠይቁት።